ነኢማ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ

ብዕር ያስነሣኝ ምክንያት አንድ ነው። ልጄ ታምራት እናቱ በተቀበረችበት ዕለት እኅቱን ነኢማን ከቤተ ሰቡ መካከል አስነሥቶ «አንቺ ከጎረቤት ጋር ተቀመጪ» አላት። እኔም እዚያው ነበርሁ፤ ሰማሁ፤ ዝም አልሁ። አሁን ሐኪም ለቀዶ ሕክምና ቀን ስለ ቈረጠልኝ፣ ያ ዝምታ ከእኔ ጋር እንዲቀበር አልፈልግም። ስለዚህ ንብረቴን አከፋፍላለሁ፤ ስሕተቴን አርማለሁ፤ ከታምራትም አንድ መልስ እጠይቃለሁ።

እኔ ወልደማርያም ታከለ፣ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ዓመት፣ መኖሪያዬ ሸዋ ሮቢት ከተማ፣ ሥራዬም በጡረታ እስከ ተሰናበትሁበት ቀን ድረስ የአማርኛ ቋንቋ መምህርነት ነበር። ዛሬ ሰኞ ሚያዝያ ፳፮ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም. ከቀትር በፊት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ በገዛ ቤቴ በረንዳ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ ይህን ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት በቃሌ ተናግሬ አስጽፌአለሁ። የጻፈው እዮኤል ታፈሰ ነው፤ በፍርድ ቤት በር ማመልከቻ በመጻፍ ሃያ ዓመት የኖረ፣ ቀድሞም ተማሪዬ የነበረ ሰው ነው። አእምሮዬ ሙሉ ስለ መሆኑ የሚጠራጠር ቢኖር ይህን ይወቅ፤ «ምስክር» የሚለውን ቃል ሲጽፍ «በየትኛው ሰ ጻፍኸው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ «በንጉሡ ሠ» ቢለኝ አስፍቄ በእሳቱ ሰ አጽፌዋለሁ።

አንደኛ። በከተማው ውስጥ በስሜ የተመዘገበው ባለ አራት ክፍል ቤቴ ለታምራትና ለዓለምፀሐይ እኩል ይሁን። ከመንገድ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱን ክፍሎች ታምራት ይውሰድ፤ በጀውሃ ለመኪና ነጂዎች ምግብ የሚሸጥ ሰው ስለ ሆነ መንገድ ዳር ያለ በር ይጠቅመዋል። የጓሮዎቹን ሁለት ክፍሎች ዓለምፀሐይ ትውሰድ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ጫጫታ አትወድም። የሎሚው ዛፍ በድንበሩ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ማንም አይቍረጠው፤ ፍሬው ወደ ወደቀበት ወገን ይሁን።

ሁለተኛ። መጻሕፍቴ በሙሉ፣ የሰዋስው ማስታወሻዎቼም ጭምር፣ በደብረ ብርሃን ነርስ ለሆነችው ለዓለምፀሐይ ይሰጡ። ደብዳቤዋን በአራት ነጥብ የምትዘጋ ልጄ እርሷ ብቻ ናት። ታምራት አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ በስልክ ይልክልኛል፤ እኔም ሳላነብ «ደኅና ነኝ» ብዬ እመልስለታለሁ። ሬዲዮኔንና ብርድ በያዘኝ ጊዜ የምለብሰውን ጋቢ ግን ታምራት ይውሰድ። ጋቢውን የፈተለችው እናቱ ናት፤ በሕፃንነቱም ታቅፎ ያደገው በእርሷ እጅ ፈትል ነው።

ሦስተኛ። በሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ የሚለማ፣ ማንጎና ፓፓያ ያለበት፣ ሦስት ጥማድ የሚያህል መሬት በይዞታ ደብተር በስሜ ይታወቃል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ስለ ተባለ፣ የምናዘዘው የመጠቀም መብቴን መሆኑን ለይቼ አስቀምጣለሁ፤ በኋላ ቃል እየጠመዘዘ የሚከራከር እንዳይገኝ ነው። ይህ መብቴ በሙሉ ለልጄ ለነኢማ አብዱረሂም ይሁን።

ነኢማ ያንን መሬት ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሽንኩርትና ማሾ ስታለማበት ኖራለች። ነገር ግን የምሰጣት ስለ ሠራችበት አይደለም። ለሠራ ሰው የሚገባው ደመወዝ ነው። ለእርሷ የምሰጣት ልጄ ስለ ሆነች ነው።

እንዴት ልጄ እንደ ሆነች በከተማው የማያውቅ ሽማግሌ ባይኖርም ለልጅ ልጆቼ ይጻፍ። አባቷ አብዱረሂም ከእኔ ጋር ያንኑ መሬት እኩል ያርስ የነበረ የአርጎባ ሰው ነው። እናቷ ሰሊማ እርሷን በወለደች በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። ታምራት ያን ጊዜ የአርባ ቀን ሕፃን ነበር። አብዱረሂም ሕፃኒቱን በሽርጥ ጠቅልሎ ከደጄ ቆመና «ጋሼ፣ የፍየሉ ወተት አልያዘላትም» አለኝ። እኔ ምን ልመልስለት እያልሁ ቃል ስመርጥ ባለቤቴ ፈለቀች ከውስጥ ወጣች።

«አምጣት» አለችው። «ሁለት ጡት የተሰጠኝ ለምን ይመስልሃል?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ታምራት በቀኝ፣ ነኢማ በግራ ጠቡ። ነኢማ የአባቷን ሃይማኖት ይዛ አደገች፤ ከቤቴ ተነሥታ ቁርኣን ልትቀራ ትሄድ ነበር። እኔም እምነቷን ለውጪ ብያት አላውቅም። አብዱረሂም አምኖ የሰጠኝ ልጁን ነው፤ እምነቱን አልሰጠኝም። በእነርሱ ዘንድ አንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እኅት እንደ ሥጋ ወንድምና እኅት ይቈጠራሉ፤ አይጋቡም። በእኛም ዘንድ የጡት ልጅ ልጅ ነው። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቃል ከተስማሙ፣ ታምራት ምን ላይ ቆሞ እንደሚከራከር አላውቅም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «የአያትዎ እናት እኮ አርጎባ ነበሩ ይባላል፤ ይህን ለታምራት ለምን አይነግሩትም?» ይለኛል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ በይፋት ቆላ የሦስት ትውልድ አያት ቈጥሮ ያልተደባለቀ ሰው አላየሁም። ነገር ግን ክርክሬን በዚህ ላይ አልመሠርትም። አንዲት ጠብታ ደም ባትገናኘንም ነኢማ ልጄ ናት።

አራተኛ። የገንዘብ ዕዳ የለብኝም። በነኢማ ላይ ያጠፋሁት፣ የምናዘዘው ጥፋት ግን አለብኝ።

በ፲፱፻፺ ዓ.ም. ነኢማ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ለመምህራን ማሠልጠኛ ተመርጣ ነበር። ለመግባት የቀራት የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነበር። ቅጹን የሞላሁላት እኔ ነኝ። «ብሔር» በሚለው መስመር ላይ «ይፋት» ብዬ ጻፍሁ። የቀበሌው ጸሐፊ አነበበና ቅጹን መለሰልኝ።

«ጋሼ፣ ይፋት ብሔር አይደለም፤ አውራጃ ነው።»

«ብሔር በግእዝ ምን ማለት ነው?» አልሁት።

«እኔ ምን ዐውቄ!»

«አገር ማለት ነው፤ ምድር ማለት ነው። እግዚአብሔር ስትል የዓለም ጌታ ማለትህ ነው ወይስ የጎሣ ጌታ ማለትህ ነው?»

«ኧረ የዓለም ነው ጋሼ። ግን ቅጹ የሚጠይቀው ሌላ ነው።»

«ቅጹ ከተሳሳተ ቅጹ ይታረም!»

ከኋላዬ ከተሰለፉት ሰዎች አንዱ «ኧረ በማርያም አባት! እኛ የመጣነው ለመታወቂያ ነው፤ ፈተና አለ አልተባልንም!» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሣቀው። እኔ አልሣቅሁም። ቅጹን ይዤ ወጣሁ፤ በማግሥቱ ያንኑ ጽፌ ተመለስሁ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በመንገድ ላይ ነኢማ ክንዴን ያዘችኝ።

«አባባ፣ አርጎባ ብለው ይጻፉትና ልሂድ። ነኝ እኮ።»

«ስሕተት ባለበት ወረቀት ላይ አልፈርምም» አልኋት።

የመግቢያው ቀን አለፈ። በዓመቱ ሌላ ሰው ተመረጠ፤ ነኢማም ዶማ ይዛ ወደ ወንዙ ዳር ወረደች። አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም።

የግእዙ ትርጕም ትክክል ነው፤ ዛሬም አልመለስበትም። ጥፋቴ ሌላ ነው። እርሷ «ነኝ» ያለችውን እኔ «አይደለሽም» አልኋት። ይፋትነቷና አርጎባነቷ አልተጣሉም ነበር፤ ያጣላኋቸው እኔ ነኝ። ሰው ማን እንደ ሆነ ለመናገር የመጀመሪያው ባለ መብት ራሱ ነው። ይህን ሕግ ለዐርባ ዓመት ያስተማርሁ ሰው በገዛ ልጄ ላይ ጣስሁት፦ «ነኝ» የሚለው ቃል በአንደኛ መደብ ብቻ ይነገራል፤ ስለ ሌላው ሆኖ «ነኝ» የሚል የለም። ስለዚህ በምስክሮቼ ፊት ነኢማን ይቅርታ ጠይቄአለሁ። መሬቱ ለዚህ ካሣ እንዳይመስል ደግሞ አስጠነቅቃለሁ፤ የጠፋ ዕድል በማንጎ አይተካም።

አምስተኛ። አሁን ወደ ታምራት እመለሳለሁ።

የፈለቀች አርባ በወጣ ማግሥት ጠርቼ ጠየቅሁት።

«እኅትህን ለምን አስነሣሃት?»

«አባዬ፣ ነኢማን እኮ አልጠላትም» አለኝ። «ግን ዘመኑን እያዩት ነው። ሰው ሁሉ በየብሔሩ ሲሰበሰብ፣ እኛ ብቻ በራችንን በርግደን እስከ መቼ? ሰዉስ ምን ይላል? እርሷም ብትሆን የራሷ ወገን አላት።»

«‹እኛ› ስትል እነማንን ነው?»

«እኛን ነዋ!»

«ቃል በራሱ አይፈታም» አልሁት። ሣቀና ወጥቶ ሄደ። እኔ ግን የጠየቅሁት ለቀልድ አልነበረም፤ መልሱንም ዛሬ እኔው አጽፋለሁ።

ቤት ሲበዛ ቤቶች ይባላል። በግ ሲበዛ በጎች ይባላል። እኔ ሲበዛ ግን «እኔዎች» አይባልም፤ እንዲህ የሚል ሕፃን እንኳ አልገጠመኝም። ለምን? እኔ ስለማልበዛ ነው። እኔን መቶ ጊዜ ብትደጋግመኝ መቶ ጊዜ አንድ ሽማግሌ እሆናለሁ። «እኛ» የሚባለው ቃል የሚገኘው «እኔ» እርሱን ያልሆነውን ሌላ ሰው አጠገቡ ሲያስቀምጥ ብቻ ነው፤ አንተን፣ አንቺን፣ እርሷን። እንግዲህ ልጄ፣ እንዳንተ ያልሆነውን ሁሉ ከአጠገብህ ካስነሣህ በኋላ «እኛ» ማለት አትችልም፤ ሰዋስው አይፈቅድልህም። ብቻህን ቀርተህ «እኔ» ትላለህ።

እዚህ ላይ ምስክር ሆነው የተቀመጡት ወይዘሮ አስካለ «ጋሽ ወልዴ፣ ኑዛዜ ላይ ነን ወይስ ክፍል ውስጥ?» ብለው ጠየቁ። «ክፍል ውስጥ ነን፤ ፈተናም አለው» ብዬ መለስሁ። እዮኤል ይህን ሊዘለው ነበር፤ እንዲጽፈው አዝዣለሁ።

አገር ማለት፣ እንደ እኔ አስተሳሰብ፣ ያቺው «እኛ» የምትባል ተውላጠ ስም እስከ ወሰኗ ስትዘረጋ ነው። የአንድ አገር ሰው መሆን ከሁሉ ጋር መመሳሰል አይደለም። የተለየውን ሰው «የእኛ» ብሎ መጥራት፣ እርሱም መልሶ እንዲሁ ሲጠራህ «አቤት» ማለት ነው። እኔ አማራ ነኝ፤ በዚህ አላፍርም፤ ልጆቼም እንዲያፍሩበት አልፈልግም። ነኢማ አርጎባ ናት፤ እርሷም አታፍርም። ሁለታችንም የይፋት ሰዎች፣ ሁለታችንም ኢትዮጵያውያን ነን። ከእነዚህ ስሞች አንዱ ሌላውን የሚሰርዘው፣ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ሲኖር ነው። የሰው ልብ ቅጽ አይደለም።

ታምራት ይህን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። በ፳፻፲፬ ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ከተማችን በደረሰ ጊዜ እኔ ለዓይኔ ሕክምና ወደ ደብረ ብርሃን ሄጄ መንገድ ተዘግቶብኝ ነበር። ታምራት ልጆቹን በአይሱዙ ጭኖ ከጀውሃ ወጣ፤ እናቱ ከጎረቤት ጋር የሸሸች መስሎት ነበር። በዚህ አልወቅሰውም፤ በእንዲያ ያለ ቀን ማንም ያደርገው ነበር። ፈለቀች ግን እግሯ ስለማይሄድ በቤቷ ቀርታ ነበር። ነኢማ በአህያ ጋሪ ጭና በቀወት ገጠር ወደሚኖሩት የአባቷ ዘመዶች አወጣቻት። ዐሥራ አንድ ቀን አስቀመጧት። ወሩ ጾመ ነቢያት ነበር፤ የቤቱ እመቤት «እንግዳችን ጾመኛ ናቸው» ብላ ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት አስገዝታ፣ በዘይት ብቻ እየሠራች አበላቻት። ፈለቀች እስክትሞት ድረስ ያንን ሽሮ ታመሰግን ነበር፤ የእኔን ምግብ አመስግና አታውቅም።

በእነዚያው ቀናት ታምራት በደብረ ብርሃን ቤት ሊከራይ ሄዶ አከራዩ «የቆላ ሰው በምን ይታወቃል? ተያዥ አምጣ» አለው። ታምራት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወደ እኔ መጣና «አባዬ፣ በገዛ አገሬ ተያዥ አምጣ ተባልሁ» አለኝ። እኔም አብሬው ተቃጠልሁ። እንግዲህ ልጄ፣ ያ አከራይ አያውቅህም ነበር። አንተ ግን ነኢማን ከአርባ ቀንህ ጀምሮ ታውቃታለህ። በእናትህ ሬሳ ፊት የጠየቅሃት ተያዥ ማን ነበር?

ስድስተኛ። ታምራትን ከውርስ አልነቅለውም። መልሱ ምንም ይሁን ምን፣ በአንደኛና በሁለተኛ አንቀጽ የሰጠሁት የጸና ነው። በቤት የተገዛ «እኅቴ» አያስፈልገኝም።

የቀብሬ ሥርዐት ግን የእኔ ስለ ሆነ እወስናለሁ። ጸሎቱ በቤተ ክርስቲያን እንደ ደንቡ ይፈጸም፤ ይህን ከንስሐ አባቴ ከቀሲስ አማኑኤል ጋር ተነጋግረናል። ከቀብር መልስ ሰው የሚቀመጥበት ድንኳን በቤቴ ደጅ የሚተከለው፣ ነኢማ ከታምራትና ከዓለምፀሐይ ጋር በልጅ ቦታ የምትቀመጥ ከሆነ ብቻ ነው። ታምራት ይህን ካልፈቀደ ወይም ዝም ካለ፣ ድንኳኑ በወንዙ ዳር በነኢማ ማንጎዎች መካከል ይተከል። ቦታው የእርሷ ስለሚሆን፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የመወሰን ሥልጣንም የእርሷ ይሆናል።

የእድራችን ጸሐፊ ወይዘሮ አስካለ ስለ ሆኑ ይህ በቀጥታ ተነግሯቸዋል። «እንግዲያስ ለዛፎቹ ስል ትንሹን ድንኳን ነው የምልከው» አሉ። አቶ ልዑል ደግሞ፣ ዕድሜውን ሁሉ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል አውቶቡስ የነዳው ጎረቤቴ፣ «ታምራት ይህን ያነበበ ቀን በንዴት ቤቱን ስለሚዘጋ ጀውሃ ላይ ምሳ የሚበላ ሾፌር አይኖርም!» ብሎ ሁላችንንም አሣቀን። ግልባጩን የሚያደርስልኝ እርሱው ነው።

ትናንት ለነኢማ ሐሳቤን ነግሬያት ነበር። «አባባ፣ ለእኔ ሲሉ ከልጅዎ አይጣሉ» አለችኝ። «መቀመጫው ይቅር። እኔ እንደ ሆንሁ የትም ብቀመጥ የማለቅሰው ለእናቴ ነው።» እውነቷን ነው። ነገር ግን ይቅር ማለት የእርሷ ድርሻ ነው፤ ያጠፋነው እኔና ታምራት ደግሞ መታረም ድርሻችን ነው። ሁለቱ አይምታቱ።

ከዚህ ቀደም የሰጠሁት ሌላ ኑዛዜ የለም፤ ቢገኝም በዚህ የተሻረ ነው። ይህ ጽሑፍ ተጽፎ ካለቀ በኋላ እዮኤል ድምፁን ከፍ አድርጎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበው፤ ሁላችንም ሰማን፤ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ወልደማርያም ታከለ (ፊርማ)

እኛ ምስክሮች ተናዛዡ በሙሉ አእምሮ፣ በራሱ ፈቃድ ይህን ቃል ሲናገር ሰምተን፣ ሲነበብም አዳምጠን፣ ሲፈርም አይተን ፈርመናል።

ቀሲስ አማኑኤል ወልደ ሰንበት (ፊርማ)
አቶ ልዑል ጌታሁን (ፊርማ)
ወይዘሮ አስካለ ሽፈራው (ፊርማ)
እዮኤል ታፈሰ፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)

ለልጄ ለታምራት፣ ጀውሃ፤ በገዛ እጄ የተጨመረ።

ወደ ቀዶ ሕክምናው የምገባው ማክሰኞ ግንቦት ፲፰ ቀን ነው። ድንኳኑ የት እንደሚተከል ዐውቄ መግባት እፈልጋለሁ። ነኢማን ስለማውቃት አንድ ነገር ልንገርህ፤ በእርሷ ግቢ ቢተከል አንተን ከፊት ታስቀምጥሃለች፤ ራሷም ውኃ ስትቀዳ ትውላለች። ያን ጊዜ ዓይንህን ወዴት እንደምትመልስ ከአሁኑ አስብበት። መልስህን በእጅ ጽሑፍህ፣ በፊደላችን፣ ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ባላት አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ እስከ ረቡዕ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም. ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ እንድትልክልኝ እጠይቅሃለሁ።

አባትህ